ቴሌግራሙን አያጥፉት፤ ሌባውን ያስወጡት

ከእነዋሪ የጻፉልኝ አንባቢ የሰንጋ ነጋዴ ናቸው። ከሚያውቁት ሰው ቴሌግራም «ልጄ ውድድር ላይ ናት፤ ድምፅ ስጧት» የሚል መልእክት ደረሳቸው። ማስፈንጠሪያውን ነክተው ስልክ ቁጥራቸውን፣ ቀጥሎም የመጣላቸውን ኮድ አስገቡ። ብዙም ሳይቆይ በእርሳቸው ስም ለደንበኞቻቸው «ብር ቸግሮኛል፤ በዚህ ሒሳብ ላክልኝ» የሚል መልእክት ይሄድ ጀመር። «ቴሌግራሙን አጥፍቼ እንደገና ልጫነው ወይስ ሲም ካርዱን ልቀይር?» ይላሉ።

ሁለቱንም አያድርጉ። ሌባው የገባው ባቀበሉት ኮድ ነው፤ አንዴ ከገባ ሲሙ ቢቀየርም ከገባበት አይነቃነቅም። ማጥፋቱ ደግሞ የባሰ ነው። ቴሌግራም ገና የገባ ስልክ ቀድመው የገቡትን እንዳያስወጣ ለ24 ሰዓት ያህል ያግደዋል። ይህ የሚጠብቀው ነባሩን ባለቤት ነው። አጥፍተው ሲመለሱ ግን አዲሱ እንግዳ እርስዎ፣ ነባሩ ሌባው ይሆናል። አካውንታቸውን ፈጽመው አጥተው ደብረ ብርሃን ወዳለው የጥገና ሱቄ ከሚመጡት ብዙዎቹ በድንጋጤ ይህንኑ ያደረጉ ናቸው፤ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብበው ሳይጨርሱ «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብተው «ዲቫይስስ» የሚለውን ይክፈቱ። አካውንትዎ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች በሙሉ ተዘርዝረዋል። ከላይ ያለው በእጅዎ የያዙት ነው። ከተማው በግምት ስለሚጻፍ፣ እነዋሪ ተቀምጠው አዲስ አበባ ቢልዎት አይደንግጡ፤ የስልኩን ዓይነት ይመልከቱ። ከዚያ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» የሚለውን ይንኩ። ሌባው ወዲያው ይወጣል።

ወጣ ማለት ግን ተመልሶ አይገባም ማለት አይደለም። «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን ከፍተው የይለፍ ቃል ያውጡ። ከዚህ በኋላ ኮዱን ያገኘ ሰው ቃሉን ካላወቀ ደጅ ይቀራል። የስልክ ቁጥርዎን ወይም የልደት ዓመትዎን ግን አያድርጉት። በደብተር ጽፈው ቢያስቀምጡት አልቃወምም፤ ከሩቅ ሆኖ የሚያጠምድ ሌባ የቤትዎን ሳጥን አይከፍትም። መጠባበቂያ ኢሜይል ሲጠይቅዎ አይዝለሉት፤ የይለፍ ቃልዎን ቢረሱ የሚታደግዎ እርሱ ነው። ኢሜይሉም የራስዎ ይሁን። ስልክ የሚሸጡ ልጆች ለገዢው ኢሜይል ከፍተው የይለፍ ቃሉን ሳይነግሩት ይሸኙታል። ይህ የእኛ የባለሙያዎቹ ጥፋት ነው፤ ሊታረም ይገባዋል። እንዲህ ያለ ኢሜይል ካለዎት ትተውት አዲስ ያስከፍቱ።

«ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን»ን ገና ሲከፍቱት የማያውቁት የይለፍ ቃል ከጠየቀዎት ሌባው ቀድሞዎታል። የረሳሁት ነው ብለው እንዲሰረዝ ይጠይቁ፤ 7 ቀን ያስጠብቅዎታል። በእነዚያ ቀናት «ሎግ አውት» ብለው ከቴሌግራም ፈጽሞ አይውጡ፤ ከወጡ ሲመለሱ ያንኑ የማያውቁትን ቃል ይጠይቅዎታል።

ለደንበኞችዎ በጽሑፍ ሳይሆን ደውለው በድምፅዎ ይንገሯቸው። ብር የላከ ካለ ዛሬውኑ ለባንኩና ለፖሊስ ያመልክት።

ሌላው የሚያሳስበኝ ሌባው ያነበበው ነው። የተለመደው የቴሌግራም ንግግር በድርጅቱ ኮምፒውተሮች ላይ ስለሚቀመጥ፣ በአካውንትዎ የገባ ሰው የድሮውን ሁሉ ያያል። የመታወቂያ ፎቶ፣ የሒሳብ ቁጥር ወይም የባንክ ሚስጥር ቁጥር ለማን እንደላኩ ወደ ኋላ ተመልሰው ይፈልጉ። ሚስጥር ቁጥር ከተገኘ ዛሬውኑ ይቀይሩት። ወደፊት እንዲህ ያለውን ለመላክ «ሲክሬት ቻት» የሚባለውን ይጠቀሙ፤ እርሱ የሚነበበው በሁለታችሁ ስልክ ላይ ብቻ ነው።

ሲም ካርዱን ወደፊት በሌላ ምክንያት መተው ቢያስፈልግዎት፣ አስቀድመው በቴሌግራም ውስጥ «ቼንጅ ነምበር» ብለው ወደ አዲሱ ይዛወሩ፤ የተተወ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል።

ነገ ጠዋት «ዲቫይስስ»ን ደግመው ይክፈቱ። እንግዳ ስልክ ተመልሶ ካዩ ምንም ሳያጠፉ ስልኩን እንዳለ ለባለሙያ ያሳዩት።