«የተበላ ዕቁብ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

አንድ አንባቢ ስብሰባ ሲያጠቃልሉ በእንግሊዝኛ «ዋና ዋና ነጥቦቹን ሪሃሽ ላድርግ» ብለው ባልደረባቸው ሳቀባቸው። ቤት ገብተው መዝገበ ቃላት ቢገልጡ «እንደገና ማንሳት» ይላል። ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቀው?

መዝገበ ቃላቱ አልዋሸዎትም፤ ሽታውን ግን አልነገረዎትም። ሃሽ ማለት ተከትፎ የተሠራ ሥጋ ነው፤ ብዙ ጊዜም የተረፈ ሥጋ። ቃሉ የመጣው «መክተፍ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ግሥ ሲሆን፣ የግሡም ሥር መጥረቢያ ነው። «ሪ» ሲታከልበት የተከተፈውን መልሶ መክተፍ ይሆናል። እርስዎ ሳያውቁት «የተረፈውን ላሙቅላችሁ» ብለው ኖሯል። የፈለጉት ቃል «ሪካፕ» ነበር፤ ዋናውን ነገር ባጭሩ መድገም ማለት ነው።

«ሪፒት» ያለ ነቀፋ መድገም ነው። «ሪኢትሬት» አጽንዖት ለመስጠት ሆን ብሎ መድገም ነው። ሪሃሽ ውስጥ ግን ማታለል አለ። ክተፋው የሥጋውን ዕድሜ ይደብቃል። ቃል በቃል የደገመ ሰው ሪሃሽ አላደረገም፤ ሪሃሽ ያደረገው አንቀጹን አገላብጦ፣ ርእሱን ቀይሮ «አዲስ ነው» ያለው ነው። ለዚህ ነው ሪሃሽን «የተበላ ዕቁብ» ብሎ መተርጎም ግማሽ መንገድ ብቻ የሚወስደን። የእኛው አነጋገር ነገሩ ማለቁን ይናገራል፤ መሸፋፈኑን አይናገርም። ስለ ጸሐፊ ሲሆን «አሮጌውን ለዋውጦ አቀረበ» እላለሁ። ስለ ባልና ሚስት ጠብ ሲሆን ደግሞ «ያለፈ ነገር እያነሱ መጣል» ከማለት የተሻለ አላገኘሁም። አንድ ቃል በአንድ ቃል ካልተተረጎመ የሚሉኝ አንባቢዎች ይቅር ይበሉኝ።

አነባበቡስ? ግሥ ሲሆን ጫናው «ሃሽ» ላይ፣ ስም ሲሆን «ሪ» ላይ።

ክሊሼ (በመደጋገም የተሰለቸ አባባል) እና ሪሃሽ አንድ ናቸው ወይ ለሚሉት፦ አይደሉም። ክሊሼ የፈረንሳይ አታሚዎች ቃል ነው። ፊደል በፊደል መልቀም ሳያስፈልግ ገጹን ደጋግሞ የሚያትም፣ ከብረት የተቀለጠ ሰሌዳ ነበር። «ስቴሪዮታይፕ»ም (ዛሬ ስለ ሰዎች የሚያዝ ጅምላ አመለካከት) የተወለደው እዚያው ማተሚያ ቤት ነው። በክሊሼ የሚያረጀው አባባሉ ነው፤ በሪሃሽ የሚያረጀው ሐሳቡ። አዲስ ሐሳብ በክሊሼ ሊጻፍ ይችላል፤ በየቀኑ አያለሁ።

የኮምፒውተሩ ሃሽ ዘመዱ ነው? አዎ፣ መረጃ ከታትፎ ስለሚቀላቅል። ከዚህ ያለፈውን የሙያው ሰው ይጠየቅ።

የመጨረሻዋ ጠያቂ እናት ናቸው። የ4 ዓመት ልጃቸው «ውሃ ትፈልጋለህ?» ሲባል «ውሃ ትፈልጋለህ?» ብሎ ይመልሳል። ዘመድ ሁሉ «ፓሮት» (በቀቀን) ብሎታል፤ ትክክለኛው ቃል የቱ ነው ይላሉ።

ቃሉ «ኢኮላሊያ» ነው፤ የሰሙትን እንዳለ መልሶ ማለት። ቃሉን ሰጥቼ ግን አልሸኝዎትም፣ እመቤቴ። ሕፃናት ቋንቋ የሚለምዱት በመድገም ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ወደ 3 ዓመት ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። በ4 ዓመቱ ዋናው አመላለሱ ይህ ከሆነ የሕፃናት ሐኪም ይየው፤ ጆሮውም ይመርመር፤ የንግግር ሕክምና ባለሙያም ያግኘው። መድገሙ ብቻውን በሽታ አለበት አያሰኝም፤ ምናልባትም «አዎ» ማለቱ ይሆናል። ዘመዶችዎን በቀቀን ማለቱን ያስተዉአቸው። ቀጠሮውን ግን በዚህ ሳምንት ይያዙ፤ የእኔን ቀጣይ ዓምድ አይጠብቁ።