ሥራሽ በየትኛው በር ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ
(የዓምዱ አዘጋጅ በከተማ አውቶቡስ ስምሪት ክፍል ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የዓለም ገና ነዋሪ ናቸው።)

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን እንኖራለን። የአምስት ዓመት ልጅ አለን፤ ጉልበቷን ሪህ የሚያማት እናቴም ከእኛ ጋር ናት። ከገባን ዓመት ሳይሞላን አከራያችን «ወይ ጨምሩ ወይ ልቀቁ፣ የስድስት ወር ደግሞ በቅድሚያ እፈልጋለሁ» አሉን። እኔ ሰንጋ ተራ ባንክ ውስጥ፣ ባለቤቴ ቃሊቲ መጋዘን ውስጥ ነው የምንሠራው። ለንደን አጠገብ ሴንት ኦልባንስ በምትባል ከተማ የሚኖረው ወንድሜ «ከከተማ ውጡ፤ እኔ በባቡር ሃያ ደቂቃ ነው መሀል ከተማ የምገባው፣ ልጆቼ ሜዳ እያዩ ነው የሚያድጉት» ይለናል። ባለቤቴ ሱሉልታን ወዷል፤ እናቴ ቢሾፍቱ ትላለች፤ እኔ ለገጣፎን አስቤ ነበር። አንድ ደላላ ደግሞ ገላን አካባቢ ከገበሬ የሚገዛ ሁለት መቶ ካሬ ቦታ አለ ብሎናል። የትኛው ይሻለናል?
ሰ.፣ ከጎተራ

ልጄ፣ ከወንድምሽ ልጀምር። ምክሩ ለሚኖርበት አገር ልክ ነው። ለንደን ዙሪያ ቤት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ባቡር ጣቢያው በእግር ስንት ደቂቃ ነው ብሎ ነው፤ ለዚያ ባቡር የዓመት ትኬት በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ይከፍላል። የሚያወራልሽ ሜዳም እስካሁን ሜዳ የሆነው በሕግ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1938 የወጣ አዋጅ አለ፤ ከተማይቱ እየተንሰራፋች ገጠሩን እንዳትውጠው ዙሪያዋን አረንጓዴ ቀበቶ አስታጥቀዋታል። እኛ ዘንድ ዛሬ ጤፍ የበቀለበትን ሜዳ አይተሽ ለነፋሱ ብለሽ ብትገቢ፣ ልጅሽ አራተኛ ክፍል ሳይደርስ ፎቅ ይቆምብሻል። የካ አባዶንም ኮዬ ፈጬንም እርሻ ሳሉ አውቃቸዋለሁ።

እኔም አንድ ክረምት ልጄ ዘንድ ኤፒንግ ከርሜያለሁ። ኤፒንግ «ሴንትራል» የሚባለው የከተማ ባቡር መስመር መጨረሻ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሌላው እንግዳ የንግሥቲቱን ቤት ሊያይ ሲሄድ እኔ ጠዋት ጠዋት ጣቢያው በር ላይ ቆሜ ሰው ሲሳፈር እመለከት ነበር፤ ልጄ ታፍርብኛለች፣ የሥራ ነገር ግን አይለቅም። ኤፒንግ ላይ ሁሉም ወንበር ይዞ፣ ጋዜጣውን ዘርግቶ ይነሳል። ያው ባቡር ስትራትፎርድ ሲደርስ መቆሚያ የለውም። ወንድምሽን ጠይቂው፤ የሱ ባቡር ከቤድፎርድና ከሉተን ሰው ጭኖ ነው የሚመጣበት። ሃያ ደቂቃው እውነት ነው፣ ተቀምጦ ይሁን ቆሞ ግን አልነገረሽም።

እኔ ለሰው ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ነው፦ መነሻ አጠገብ ኑሩ። የመሀል ፌርማታ ነዋሪ የሞላ መኪና ሲያልፈው እያየ ነው ዕድሜው የሚያልቀው።

አሁን ወደ እናንተ። አዲስ አበባ አምስት በር አላት፦ የጎጃም፣ የደሴ፣ የደብረ ዘይት፣ የጅማና የአምቦ። ከከተማ የሚወጣ ሰው ከተማ መረጥኩ ይበል እንጂ የሚመርጠው በር ነው። ከሥራው በር በተቃራኒ የገባ ሰው በየቀኑ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ይሰነጥቃል። የባለቤትሽ ሥራ ቃሊቲ ነው፤ ቃሊቲ ደግሞ የደብረ ዘይት በር ራሱ ነው። ስለዚህ ሱሉልታ ከወዲሁ ወደቀ። አየሩ ግሩም ነው፣ ሯጮቻችን በከንቱ አልመረጡትም። ነገር ግን ባለቤትሽ በየማለዳው ከእንጦጦ ጀርባ ተነስቶ፣ በአዲሱ ገበያ ወርዶ፣ ከተማውን ሙሉ አቋርጦ ቃሊቲ ሊደርስ ነው። እናትሽም ብርዱን አትችለውም። የሐምሌ ሌሊት እዚያ ላይ ከአዲስ አበባ ሌላ ነው፤ ለጉልበት ሪህ አልመክረውም።

ለገጣፎ ላንቺ ብቻ ቢሆን አያስከፋም። አያት ወርደሽ ከመነሻው ባቡር ይዘሽ በመገናኛ አድርገሽ ሜክሲኮ ትወርጃለሽ፤ ሰንጋ ተራ ከዚያ በእግር ነው። ባለቤትሽ ግን ከደሴ በር ወደ ደብረ ዘይት በር ሊዞር ነው። የኔዋን ዓለም ገናን ብወዳትም ለናንተ አልላትም፤ የጅማ በር ሰው በአየር ጤና ነው የሚገባው፣ ለቃሊቲ ጎኑን ሰጥቶ ነው የሚቆም።

የሚቀረው አቃቂ፣ ቱሉ ዲምቱና ገላን ነው። እዚያ ብትከራዩ ባለቤትሽ ሥራው ደጁ ላይ ይሆናል። አንቺ ቃሊቲ ድረስ በታክሲ መጥተሽ ባቡሩን ከመነሻው ትይዣለሽ፤ በሳሪስ፣ በላንቻና በስታዲየም አልፎ ሜክሲኮ ያወርድሻል። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር እንደነበረው አይመላለስም፣ የመለዋወጫ ችግር አለበት፤ ቢሆንም ሌላው ሰው ሳሪስ ላይ ሲገፋፋ አንቺ መስኮት አጠገብ ተቀምጠሽ ታዪዋለሽ።

ጠዋቱን እንዲህ አልኩሽ፤ ጉዱ ያለው ማታ ነው። ሚኒባሱ ከከተማ ወደ ዳር ሰው ጭኖ ሲወጣ ባዶውን ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ሾፌሩ ወደ ዳር መውጣት አይወድም፤ ቢወጣም መንገዱን ይቆራርጠዋል፤ ግማሹ ላይ አውርዶ እንደገና ያስከፍላል። ወያላው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሒሳቡ ነው የሚያስገድደው። ቤት ከመያዛችሁ በፊት ሁለታችሁም በሥራ ቀን፣ ቢቻል ዝናብ ሲዘንብ፣ በምሽት ወደዚያ ሰፈር ሂዱ። እሑድ ፀሐይ እያለ ቤት ያየ ሰው ምንም አላየም። ሌላው የዚህ በር ጣጣ ከባዱ መኪና ነው፤ የአገሪቱ ዕቃ አብዛኛው ከጅቡቲ መጥቶ በዚህ መንገድ ነው የሚገባው፣ ቃሊቲ ጉምሩክ አጠገብ ተሳቢ ተሰልፎ ታገኛላችሁ።

ቤቱን ስታዩ አጥሩን እዩ። በአቃቂና በገላን በኩል ያለው አፈር አብዛኛው ዋልካ ነው፤ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱ ያልጠነከረ ግንብ አብሮት ይሰነጠቃል። ባለቤቱ ሳሎኑን ቀለም ቀብቶ ሊያሳምርልሽ ይችላል፤ አጥሩን ግን ማንም ቀለም አይቀባውም፣ እውነቱን ይናገራል። ውሃ በፈረቃ መሆኑንም ከጎረቤት ጠይቂ እንጂ ከአከራይ አትጠይቂ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በየበሩ ቢጫ ጀሪካን የተደረደረበት መንደር ከሆነ መጠየቅም አያስፈልግሽም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር መጣሁ። ደላላው ያሳያችሁ ቦታ! ልጄ፣ እግርሽ እንዳይረግጠው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው የመጠቀም መብት አለው፤ ላንቺ የሚሸጥ ነገር የለውም። በእማኝ ፊት የተፈረመ ወረቀት፣ የእድር ዳኛ ማኅተም፣ የሽማግሌ ምርቃት፣ ይህ ሁሉ ተደምሮ ካርታ አይሆንም። በሌሊት ተሠርቶ የሚያድረውን ቤት ሰው «የጨረቃ ቤት» ያለው ወዶ አይደለም። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ለገጣፎ ላይ ሕገ ወጥ ናቸው ተብለው ስንት ቤቶች እንደፈረሱ አስታውሺ፤ ከነዚያ ውስጥ ለዓመታት የተኖረባቸው፣ መብራት የገባላቸውም ነበሩ። ፍትሐዊ ነበር አልነበረም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳም፤ ገንዘቡን የከፈለው ሰው ግን ከደላላው አንድ ሳንቲም አልመለሰም።

አንድ ቀን አቅም አግኝታችሁ የምትገዙ ከሆነ ካርታ ያለው ይሁን። ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ ለባለሙያ ከማሳየት ይልቅ የአካባቢው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ከማህደሩ ጋር አስተያዩት፤ የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እገዳ እንዳለበትም እዚያው ጠይቁ። ሽያጩ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ወካዩ በሕይወት መኖሩን፣ ውክልናውም አለመሻሩን አጣሩ።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ግን ከአከራያችሁ በኋላ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 አዲስ አበባ ላይ ይሠራል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ነው። ስለዚህ የስድስት ወሩ ጥያቄ ከሕግ ውጭ ነው። ወረዳ ሄደሽ ውላችሁ መመዝገቡን አረጋግጪ፤ ከዚያ በትሕትና አዋጁን ጥቀሺላቸው። ቢያንስ ተረጋግታችሁ ለመፈለግ ጊዜ ታገኛላችሁ።

የምትገቡበት ሰፈር የማን አስተዳደር እንደሆነም ቀድማችሁ ጠይቁ። የኦሮሚያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲንና ገላንን ሸገር ከተማ ብሎ አንድ አድርጓል፤ ከዚያ በፊትም በ2014 ክረምት ወሰን ሲካለል አንዳንድ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ወደ ኦሮሚያ ሄደዋል። በአንድ አስፋልት ግራና ቀኝ ሁለት አስተዳደር ልታገኚ ትችያለሽ። ለመታወቂያ ከዛሬው ወረዳችሁ መሸኛ ያስፈልጋችኋል። ልጁም ለትምህርት ደርሷል፤ በሸገር በኩል ያሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዋና የማስተማሪያ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። በአምስት ዓመቱ ቢጀምረው ከናንተ ቀድሞ ይናገራል፣ በኔ ግምት ትርፍ ነው፤ ብቻ መስከረም ላይ ድንገት አይሁንባችሁ።

*

ጋሽዬ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልጆቼ አድገዋል። የሳሪሱን ቤት አከራይቼ ቢሾፍቱ ልኑር ይሆን?
ከሳሪስ

መምህር፣ ይሂዱ እንጂ! ማለዳ ተነስቶ የሚሰለፍ ሰው ስላልሆኑ የሰልፉን ወሬ ለርስዎ አላወራም። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ አራት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ሞቅ ያለች ናት፣ ሆራና ባቦጋያ ዳር መራመጃ አለ፣ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነም ልጆችዎ በፍጥነት መንገዱ መጥተው ምሳ በልተው ይመለሳሉ። የጤና ክትትል ካለዎት ሐኪምዎ አዲስ አበባ መቅረቱን ያስቡበት። የአየር ኃይሉ ሰፈር እዚያው ስለሆነ ጆሮዎ የጄት ድምፅ ይለምዳል። በኢሬቻ ሰሞን መንገዱ ሰው ብቻ ነው፤ አስቤዛዎን ቀደም ብለው ይግዙ። አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ሊሠራ ነው ከተባለ ወዲህ እዚያ ያለ ደላላ ሁሉ የሚያሳየው ቦታ «ከኤርፖርቱ ፊት ለፊት» ሆኗል፤ እርስዎ ተከራይተው ይቀመጡ።

*

ጋሼ፣ ቡራዩ ተከራይቼ መርካቶ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ጓደኛዬ ሆለታ ኪራይ ይረክሳል ይለኛል። ልሂድ?
ከቡራዩ

አትሂድ። አንተ ያለኸው ትክክለኛው በር ላይ ነው፤ አስኮ፣ ዊንጌት፣ ጳውሎስ፣ አውቶቡስ ተራ፣ አለቀ። ሆለታ ከዚህ ርቀቱ እጥፍ በላይ ነው፤ በኪራይ ያተረፍከውን ለታክሲ ትሰጠዋለህ፣ ሱቅ ከዘጋህ በኋላ ደግሞ የሚወስድህ አታገኝም። ቤቱ ከበደህ እንጂ ሰፈሩ ካልከበደህ፣ እዚያው ቡራዩ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ክፍል ፈልግ፤ ብቻ በእግርህ አስፋልት የምትደርስበት ይሁን፣ ባጃጅ ከተጨመረበት ርካሹ ክፍል ርካሽ መሆኑ ይቀራል።