መልስ፦ ሞዴልነት ብቻውን ወደ ትወና ያስገባል?

አያስገባም፤ ትወናን ተማሪ። «እንግሊዛዊቷ ተዋናይት ጄማ ቻን በሞዴልነት ታውቃ አይደል ፊልም የገባችው? የእኔስ የፋሽን ሥራ አይበቃም?» ብለሽ ጠይቀሻል። በር የከፈተላት የትወና ትምህርቱ ነው፤ ሞዴልነቱ የተማሪነት ኑሮዋን ደግፎላታል።

የመጣችበትን መንገድ ተመልከቺ። ኦክስፎርድ ሕግ አጥንታ ተመረቀች፤ ከትልቅ የሕግ ድርጅት የቀረበላትን ሥራ ትታ ለንደን ይገኝ በነበረው ድራማ ሴንተር በተባለ ትምህርት ቤት ትወና ተማረች። እ.ኤ.አ. በ2009 «ዶክተር ሁ» በተባለው የብሪታንያ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ በአንድ ክፍል ታየች። ሰፊ ዕውቅና ያገኘችው ግን እ.ኤ.አ. በ2015 «ሂውማንስ» በተባለው ተከታታይ ድራማ ነው፤ «ክሬዚ ሪች ኤዥያንስ» የተባለው ፊልም የመጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ዓመታቱን ቁጠሪያቸው፤ በአንድ ጀምበር የሆነ ነገር የለም።

«ሂውማንስ»ን አግኝተሽ እንድታዪው እለምንሻለሁ። ሰው መሳይ ሮቦት ሆና ትጫወታለች። ተዋንያኑ ለዚሁ ሲሉ የተለየ የእንቅስቃሴ ሥልጠና ወስደዋል። ፊቷ እምብዛም ሳይንቀሳቀስ ስሜቱ ግን ይደርሳል! ይህን የውበት ፎቶግራፍ አያስተምርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሞዴሎችን ለትወና ፈተና ሳዘጋጅ ደጋግሜ የማየው ችግር ካሜራውን መፈለግ ነው። በፋሽን ሥራ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛው ጎንሽ እንደሚያምር ማወቅ ሙያ ነው። በትወና ግን ዓይንሽ አብሮሽ ከሚጫወተው ሰው ላይ መሆን አለበት። ስለዚህ ለፈተና የምትልኪው ቪዲዮ የአቀማመጥና የአረማመድ ስብስብ አይሁን፤ ከሌላ ሰው ጋር የምትነጋገሪበት፣ በተለይም ዝም ብለሽ የምታዳምጪበት አጭር ትዕይንት ይሁን።