6 ጊዜ 7 ስንት ነው? ልጆቻቸውን ቤት ለሚያስተምሩ የሰሜን ሸዋ ወላጆች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ደብረ ብርሃን የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች የሚያነሱልኝ ጥያቄ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። ልጁ አድጓል፣ ሐሳቡም ይገባዋል፤ የማባዛት ሰንጠረዥ ግን አልያዝ ብሎታል። ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። የመጡትን ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ትምህርት ከተቋረጠባት ወዲህ እኔው ነኝ የማስተምራት። የ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ነን። 6 ጊዜ 7 ስላት ጋቢዋ ስር ጣቷን ትቆጥራለች። ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ያልያዘችውን አሁን ትይዛለች?

መልስ፦ ትይዛለች እህቴ፣ አይዞሽ። በ14 ዓመት የሚመሽበት ነገር የለም። እንዲያውም ከትንሽ ልጅ የምትበልጥበት አላት፤ መላ መፍጠር ትችላለች።

መጀመሪያ «ሰንጠረዥ አታውቅም» ማለቱን ተይው። የማታውቀው የትኛውን ነው? ወረቀት ቆራርጪና ከ2 እስከ 9 ያሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ጻፊባቸው። አደባልቂያቸው። ወዲያው የመለሰችውን ወደ አንድ ጎን፣ ቆጥራ ያገኘችውን ወደ ሌላ ጎን፣ ጭራሽ ያልመጣላትን ወደ ሦስተኛው አድርጊ። በዚያን ሰዓት አታርሚያት። ፊትሽም አይለወጥ። የፈለግነው ምን እንዳላት ማወቅ ብቻ ነው።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቺ። ከ1 እስከ 10 ያለው ሰንጠረዥ 100 ሳጥን አለው። 3 ጊዜ 8 እና 8 ጊዜ 3 አንድ ስለሆኑ 55 ይቀራል። የ1 እና የ10 ሲወጣ 36። የ2 እና የ5 ብዙ ልጅ ያውቀዋል፤ 21 ቀረ። የ9 በቀላሉ ይገኛል፤ 7 ጊዜ 9 ማለት 70 ሲቀነስ 7 ነው፣ 63። ይሄ ሲወጣ 15 ብቻ ቀረ። ልጅሽን ለዓመታት ያስጨነቃት ነገር 15 ጥያቄ ነው! ይህን ራሷ ቆጥራ እንድታየው አድርጊ። ብዙ ልጆች ፊታቸው የሚፈታው እዚህ ላይ ነው።

ለ15ቱም ከምታውቀው ተነስታ የምትደርስበትን መንገድ አሳዪያት። 6 ጊዜ 7? 5 ጊዜ 7 ሠላሳ አምስት፣ አንድ 7 ሲጨመር 42። የ4 ከሆነ እጥፍ፣ እንደገና እጥፍ። የ8 ከሆነ ሦስቴ እጥፍ፤ ለ7 ጊዜ 8፦ 14፣ 28፣ 56። ይቺ 56 ደግሞ ለመያዝ ትመቻለች፤ 5፣ 6፣ 7፣ 8 በተርታ አሉባት። 56 እኩል ይሆናል 7 ጊዜ 8።

በአንድ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ አዲስ አትስጪያት።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ እኛ በልጅነታችን እየጮህን ነው የያዝነው። የወንድሜ ልጅ ቄስ ትምህርት ቤት አልፏል፣ ዳዊት በቃሉ ይደግማል። አሁን 16 ዓመቱ ነው፣ እኔ ጋር ሆኖ ይማራል። 150 መዝሙር የያዘ ጭንቅላት እንዴት 7 ጊዜ 8 ያቅተዋል? ስንፍና አይደለም?

መልስ፦ አይደለም ጋሼ። ዳዊት በተርታ የሚወርድ ነው። አንዱ ቃል ቀጣዩን ይጎትተዋል። ሰንጠረዥንም በዜማ የያዘ ልጅ «ሰባት ጊዜ አንድ ሰባት፣ ሰባት ጊዜ ሁለት አሥራ አራት» እያለ ሳይሳሳት ይወርዳል። ብቻውን 7 ጊዜ 8 ሲባል ግን ከላይ ጀምሮ እስከ ስምንተኛው መሄድ አለበት። ረጅም ማካፈል እየሠራ መሃል ላይ ይህን ሲያደርግ የጀመረው ይጠፋበታል። ሒሳብ በተርታ አይጠይቅም።

የኔታ ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል። ልጁ ሀ ሁ ሂ ብሎ በዜማ ስለወረደ ብቻ ፊደል ለይቷል አይሉትም። ቁልቁል ያስቆጥሩታል። መሃል ላይ በስንጥር ነክተው «ይቺ ማናት?» ይሉታል። እርስዎም እንደዚያው ያድርጉ። በዜማ ማለቱን አይከልክሉት፣ ለጅምሩ ይረዳዋል። ከዚያ ግን ያደባልቁበት፣ ይገልብጡበት። «56ን የሚሰጡኝ የትኞቹ ናቸው?» ብለው ከኋላ ይምጡበት። ሌላም ከዚያ ቤት የሚወሰድ ነገር አለ፤ የትናንቱን ሳያሰሙ አዲስ አይቀበሉም። ልጁ ይህን ሥርዓት ስለሚያውቀው አይከብደውም።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ቲቸር፣ እኔ ራሴ ነኝ የምጠይቀው፣ 15 ዓመቴ ነው። አባቴ ሰዓት ይዞ ሲጠይቀኝ የማውቀውም ድርግም ብሎ ይጠፋል። ምን ልሁን?

መልስ፦ መጠየቅህ ራሱ ጎበዝ ያሰኝሃል። አእምሯችን በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ነገር ነው። «አሁን ሊቆጣኝ ነው» የሚለው ሐሳብ ቦታውን ሲይዘው ለ8 ጊዜ 6 የሚሆን አይተርፍም። ያወቅከው አልጠፋም፤ መግቢያ ነው ያጣው።

ሲጠፋብህ ዝም ብለህ አትጠብቅ። ጮክ ብለህ «5 ጊዜ 8 አርባ፣ አንድ 8 ልጨምር» በል። መንገዱ እየተለመደ ሲሄድ መልሱ በራሱ ይቀድምሃል።

ለአባትህም አንድ ነገር ልበል። ጋሼ፣ ሰዓቱን ለጊዜው ኪስዎ ውስጥ ያድርጉት። ልጁ መልሶቹን በእርጋታ ሲያገኛቸው፣ ያኔ ራሱ ሰዓት ይዞ የዛሬውን ከትናንቱ ያስተያይ። ከጎረቤት ልጅ ጋር ግን አይወዳደር፣ እባክዎ።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ወንድሜን የማስተምረው እኔ ነኝ። ሰንጠረዡን እስኪይዝ ክፍልፋይና እኩልታ ላቁምበት? ካልኩሌተርስ ልስጠው?

መልስ፦ እንዳታቆሚበት! ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሰንጠረዥ ላይ ዓመት ሙሉ የተቀመጠ ልጅ ሒሳብ ማለት ይሄ ብቻ ይመስለዋል፣ ይጠላዋልም። ሁለቱን ለይተሽ አስኪጂ። ክፍልፋይ ስትሠሩ ሰንጠረዡ ተጽፎ ጎኑ ይቀመጥ፣ እያየ ይሥራ። ሐሳቡን ይያዝ። የማስታወስ ልምምድ ስታደርጉ ደግሞ ወረቀቱ ይደበቅ።

ከካልኩሌተር ይልቅ የተጻፈ ሰንጠረዥ ይሻላል። ቁጥሮቹ እንዴት እንደሚሄዱ ዓይኑ ያያል። የያዘውን ሳጥን በእርሳስ እያጠቆረ ይሂድ፤ የሚያየው እያነሰ ይመጣል። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ላይ ካልኩሌተር ስለማይገባ ዋና መተማመኛው ባይሆን ይመረጣል።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስናጠና እንውላለን። ሰኞ ስጠይቀው ባዶ። በቀን ስንት ሰዓት ያስፈልጋል?

መልስ፦ 10 ደቂቃ። በየቀኑ ግን።

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.አ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናቱ ይህንኑ አሳይቷል። ትርጉም የሌላቸው ድምፆችን ራሱ እያጠና መርሳቱን ለካ። አንድን ነገር በአንድ ቀን ከመደጋገም፣ ድግግሞሹን በቀናት መበተን የተሻለ እንደሚያስይዝ አገኘ። ከዚያ ወዲህ የመጡ ብዙ ጥናቶችም ይስማማሉ። ሌላው ደግሞ አይቶ ከማንበብ ይልቅ ሸፍኖ ለማስታወስ መታገል የበለጠ ያስይዛል። ስለዚህ መልሱን ቶሎ አይንገሩት፣ ትንሽ ይታገል።

እንዲህ ያድርጉ። ሦስት ፖስታ ያዘጋጁ። አዲስ ካርዶች (ጥያቄ የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች) የመጀመሪያው ውስጥ ይገባሉ፣ በየቀኑ ይጠየቃሉ። ሳይቆጥር የመለሰው ወደ ሁለተኛው ያልፋል፣ እሱ በሦስት ቀን አንዴ ይከፈታል። ከዚያም የመለሰው ወደ ሦስተኛው ያልፋል፣ እሱ በሳምንት አንዴ። የሳተው ካርድ ከየትም ይሁን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የሚያውቃቸው ካርዶችም ሁልጊዜ ጣልቃ ይግቡ፤ ስህተት ብቻ የበዛበት ልምምድ ልጁን ያሸሸዋል።

ጥያቄ (ከመንዝ፣ በጎረቤት የተጻፈ)፦ እኔ አልተማርኩም። ልጄን እንዴት ልርዳው?

መልስ፦ እናቴ፣ እርስዎ ትልቅ ረዳት ነዎት። ካርዱ ጀርባ ላይ መልሱ ይጻፍ። እርስዎ ካርዱን ያንሱ፣ እሱ ይመልስና ገልብጦ ራሱ ያረጋግጥ። ከዚያ «እንዴት አገኘኸው?» ይበሉት። ለእናቱ ሲያስረዳ ለራሱም ይረጋለታል።

ገበያ ሲሄዱ ሒሳቡን እሱ ይያዝ። 6 እንቁላል አንዱ በ18 ብር ሲሸጥ፣ ከ18ቱ አሥሩን ለብቻ 60፣ ስምንቱን ለብቻ 48፣ ድምሩ 108። ገንዘቡን እየቆጠረ የተማረውን አይረሳም።

በማጋመስና በማጠፍ ብቻ የሚሠራ የቆየ የማባዛት ዘዴም አለ፤ በውጭ አገር መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» ተብሎ ይጠቀሳል። 13 ጣሳ ገብስ በ24 ብር እንበል። 13ን ያጋምሳሉ፣ ትርፉን ይጥላሉ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በጎኑ 24ን ያጥፋሉ፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በተጋማሽ ቁጥር ጎን ያለው፣ ማለትም ከ6 አጠገብ ያለው 48፣ ይሰረዛል። የቀረው 24፣ 96 እና 192 ሲደመር 312። ሰንጠረዥ የከበደው ልጅ ይህን ሲሠራ እንዴት ደስ እንደሚለው!

ጥያቄ (ከአታዬ)፦ ሁሉንም ሞክረናል፣ ወራት ሆነው። በሽታ ይሆን?

መልስ፦ በሽታ አይባልም። ዲስካልኩሊያ የሚባል የቁጥር መማር ችግር ግን አለ፤ አብዛኞቹ ግምቶች ከ100 ሰው ከ3 እስከ 7 የሚሆነውን ያገኘዋል ይላሉ። የብልህነት ጉዳይ አይደለም። ምልክቱ ከማባዛት ይሰፋል። 38 እና 83 የቱ ይበልጣል ሲባል ይቸገራል? ሰዓት ማንበብ፣ የገንዘብ መልስ መቀበል ይከብደዋል? እነዚህ ካሉ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ይየው። ዓይኑንና ጆሮውንም አስመርምሩ። እስከዚያው የተጻፈ ሰንጠረዥ አይከልከል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ የ8ኛ ክፍል ፈተና ሁለት ወር ቀረው። ሰንጠረዡን ትቼ ያለፉ ፈተናዎችን ላሠራው?

መልስ፦ ሁለቱንም። ጠዋት 10 ደቂቃ ካርድ፣ የቀረው ጊዜ ፈተና። ስህተቱን ሲያርሙ ግን ይለዩት፤ መንገዱን ስቶ ነው ወይስ 7 ጊዜ 6ን 48 ብሎ? መንገዱን የሳተበትን ርዕስ እንደገና ያስተምሩት። ማባዛቱን የሳተበትን በዚያው ቀን ካርድ አድርገው የመጀመሪያው ፖስታ ውስጥ ይጨምሩት። ፈተና ክፍል እንደገባ ደግሞ ባዶ ወረቀት ከተሰጠው፣ የሚጠፉበትን አምስት ስድስት ብዜቶች ጥያቄ ሳይጀምር ጥግ ላይ ይጻፋቸው።