የካዲስ ዝንብህ ለምን ትሰጥማለች?

ሰላም ወንድሜ። ሱሉልታ ሆነህ በመንጠቆ ላይ የምታስራት የካዲስ ዝንብ (ካዲስ የተባለውን የውሃ ዳር በራሪ ነፍሳት የምትመስል የዓሣ ማጥመጃ) ሁለቴ ከተወረወረች በኋላ አልንሳፈፍ እንዳለችህ፣ ለክንፏ የሚሆን የኤልክ (በሰሜን አሜሪካ የሚገኝ ትልቅ አጋዘን) ጸጉርም እንዳጣህ ጽፈሃል።

እኔ የምጠረጥረው በመንጠቆው ዘንግ ላይ የምትጠመዝዘውን ላባ ነው። ለስላሳ ላባ ውሃ ይጠጣል። የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ፈልግ፤ ለበዓል ሲታረድ ጎረቤት አይነፍግህም። ቀይ ወይም ገብስማ ከሆነማ ሸጋ ነው። ላባው ሲጠመዘዝ የሚቆሙት ጸጉሮች በመንጠቆው ጫፍና በዘንጉ መካከል ካለው ክፍተት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይርዘሙ። ከመንጠቆው ዓይን አጠገብ ጀምረህ ወደ ኋላ ጠምዝዘው። ከዚያ ቀጭን ሽቦ በላዩ እያሻገርክ ወደ ፊት መልስ። ሽቦው ላባውን ከዓሣ ጥርስ ያድነዋል።

ኤልክ የሚመረጠው ጸጉሩ ውስጡ ክፍት ስለሆነና አየር ስለሚይዝ ነው። የፍየል ጸጉር እንደዚያ አያንሳፍፍም፤ ለክንፍ ግን ይሆናል፣ ሳሳ አድርገው። የሰስ ጸጉርም ክፍት ነው፤ ግን የዱር እንስሳ ነውና እርሳው!

ለባሌው የወብ ወንዝ ትራውት ዓሣ 14 ወይም 16 ቁጥር መንጠቆ ይበቃሃል። ከመወርወርህ በፊት ቫዝሊን በጣትህ በስሱ ቀባት። ከበዛ ጸጉሩን ያጣብቀዋል።