መልስ፦ ኦቨኑ ከላይ ይሞቃል፣ ከታች አይሞቅም

«መብራቱ ይበራል፣ የላይኛው ይግላል፣ የታችኛው ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ቴርሞስታት ልቀይር?» ላሉት፦ ገና አይቀይሩ። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ቢሞት ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛውም አብሮ ይጠፋ ነበር። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የታችኛው ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚግለው ዘንግ) ነው።

ብሬከሩን ያጥፉ፣ ሶኬት ካለውም ይንቀሉ። በማዞሪያው ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ አንዱ መስመር ኤሌክትሪክ እንደያዘ ሊቀር ይችላል። የኋላውን ክዳን ፈትተው የገመዶቹን አቀማመጥ ፎቶ ያንሱ፤ ከዚያ ሁለቱን ገመዶች ከሬዚስታንሱ ነቅለው በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ኦሙን ይለኩ። በ230 ቮልት 2000 ዋት የሚስብ 26 ኦም ገደማ፣ 1200 ዋት ከሆነ 44 ገደማ ያሳያል። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ውስጡ ተቆርጧል። የሬዚስታንሱን አንዱን ጫፍ ከራሱ የውጭ ብረት ጋርም ይለኩ፤ እዚህ ላይ ካነበበ ደግሞ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ እያፈሰሰ ነው፣ ብሬከር የሚጥለውም ይኸው ነው። በሁለቱም ሁኔታ መጠገን የለም፣ መቀየር ነው፤ ቮልቱ፣ ዋቱና ቅርጹ ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን።

ልኬቱ ደህና ከሆነ የገመዱን ጫፍ ልብ ብለው ይዩት። ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህን ነው። የላላ ጫፍ ራሱ ይግላል፤ ብረቱ ይጠቁራል፣ ልባሱ ተሰባብሮ ይራገፋል። የጠቆረውን ቆርጠው አዲስ ጫፍ አጥብቀው ያስሩ። ገመዱ ካጠረ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ወይም የፋይበርግላስ ልባስ ያለው ይቀጥሉ፤ ተራው የፕላስቲክ ገመድ እዚያ ይቀልጣል።

ይህም ደህና ከሆነ የላይና የታች መምረጫውን ማዞሪያ ያስፈትሹ።