የበሬው ዋጋና የወባው ወቅት፦ ስለ ጤናና ኑሮ ለጠየቃችሁኝ

«ጤና ከኪስ ጋር ምን አገናኘው? ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ከባሕር ዳር፣ ቡናዬ ሳይበርድ፣ የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሰው ድሃ ስለሆነ ነው የሚታመመው ወይስ ስለታመመ ነው የሚደኸየው?

መልስ፦ ሁለቱም። ሁለተኛውን ግን እንንቀዋለን። ጣና አጠገብ ያለውን የፎገራን ሜዳ እንይ። ክረምቱ ሲወጣ ሜዳው ላይ ውሃ ያቁራል፣ የወባ ትንኝ ይራባል። ወባ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ኅዳር ትበረታለች። ሰብሉም የሚደርሰው ያኔ ነው። አባወራው ሲያንቀጠቅጠው ሚስቱ አስታማሚ ትሆናለች። አንድ በሽታ ሁለት ሰው ከማሳ አስቀረ ማለት ነው። ወንፈል (በተራ የሥራ መረዳዳት) አብሮት የገባው ጎረቤትም ይጉላላል። መድኃኒቱ በነፃ ቢገኝ እንኳ የደረሰ እህል ሰው እስኪድን አይጠብቅም፣ ይረግፋል። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። የሞተው ይቆጠራል፤ የረገፈውን እህል ማን ይቆጥራል?

ጥያቄ፦ አባቴ ለሕክምና በሬ ሸጧል። ጤና መድን ይህን ያስቀር ነበር?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። በሬው ሲሸጥ የሚቀጥለው ዓመት እርሻ አብሮ ይሸጣል። አንድ በሬ የቀረው መቀናጆ፣ ማለትም አንድ በሬ ያለው ሌላ ገበሬ፣ ይፈልጋል፤ ካጣ መሬቱን ምርቱን ለሚካፈል እኩል አራሽ ይሰጣል። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ ቤተሰብ በየዓመቱ መዋጮ ከፍሎ የሚታከምበት፣ የታሰበው ለዚሁ ነው፣ ጥሩ ነገር ነው። ግን እኔም ዘመድ ሳስታምም የመድኑን መታወቂያ ይዤ «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዛ» ተብያለሁ። መድን ያለ መድኃኒት ባዶ ወረቀት ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቻችን ጣና ዳር ይዋኛሉ። ቢልሃርዚያ ከኢኮኖሚ ጋር ምን አለው?

መልስ፦ ቢልሃርዚያ ትል የሚያመጣው በሽታ ነው። ትሉ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ውሃ ውስጥ ይለቀቃል፣ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ልጁ አልጋ ላይ አይወድቅም፤ ክፍል ውስጥ ይፈዛል እንጂ። በምዕራብ ኬንያ፣ ቡሲያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ተማሪዎች የትል መድኃኒት ተሰጣቸው። ከትምህርት ቤት መቅረት በሩብ ቀነሰ። ከ20 ዓመት በኋላ ሲታይ፣ መድኃኒቱን ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ቀድመው የጀመሩት በሰዓት 13 በመቶ ያህል የበለጠ ያገኙ ነበር። በዚህ ጥናት የተከራከሩ ምሁራን አሉ። እኔ ግን ይህን ለሚያስገኝ ክኒን ዋጋው ርካሽ ነው እላለሁ።

ጥያቄ፦ መቀንጨርስ?

መልስ፦ እሱ ያመኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው ያጠሩ፣ ነበሩ። ጤፍ፣ ዓሣና ወተት ባለበት አገር! እናት እንቁላሉን ለቅማ ቅዳሜ ገበያ ታወጣለች፤ ልጇ እንጀራ በሽሮ ይበላል። የተሸጠው እንቁላል ለጨውና ለጋዝ ነው፣ አልፈርድባትም። የሚቀረው ግን ቁመት ብቻ አይደለም፣ አእምሮም ነው።

ጥያቄ፦ ሞት ከቀነሰ ሕዝብ በዝቶ ድህነት አይብስም?

መልስ፦ መጀመሪያ ይበዛል፣ አልክድም። ነገር ግን በአገር ደረጃ ከ2000 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ከአምስት ዓመት በታች ሞት ከሺህ 166 ወደ 67 ሲወርድ፣ አንዲት እናት የምትወልደው በአማካይ ከ5.5 ወደ 4.6 ወርዷል። ትምህርትም የወሊድ መቆጣጠሪያም ረድቷል። ሥራና መሬት ከሌለ ጤና ብቻውን ሀብታም አያደርግም፤ ጤነኛ ሥራ ፈት ባሕር ዳርም ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ልጄን ከጣና ልከልክለው?

መልስ፦ በጀልባ ይሂድ፣ ዳር ዳሩን አይንቦራጨቅ። ክኒኑ ትምህርት ቤት ሲታደል ደግሞ «ልጄ ደህና ነው» ብለሽ እንዳታስቀሪው።